ምዕራፍ ሰባት፦ ጉባኤ ያላገኘ ድርሰት

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወጥቶ ወደ ፒያሳ የሚወርድ እግረኛ የተውኔታችንን ታሪክ ግማሽ ያህሉን በግራና በቀኝ እየተወ ያልፋል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ቅብዐ መንግሥት የተቀቡበት ደብር ይህ ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የታየበት ቴራስ ሆቴል የነበረው በዚሁ በአራዳ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቲያትር ቤትም የሚገኘው እዚሁ ነው፤ ሕዝቡ ከመፍራቱ የተነሣ «ሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው የጥንቱ ሲኒማ ቤትም ከዚህ አልራቀም። ከነዚህ ሁሉ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በደጃዝማች ውቤ ስም የሚጠራው፣ ሌሊቱ ከቀኑ ይልቅ የገነነው ውቤ በረሃ ይገኛል። የማኅሌቱ ከበሮና የአዝማሪው ማሲንቆ በአንድ የደወል ድምፅ ክልል ውስጥ አብረው ባደሩበት በዚህ ሠፈር፣ የስላቅ ተውኔትና የፍትወት ድርሰት ምን ዐይነት አቀባበል እንዳገኙ መመርመር የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ስላቁን እንይ። በ1876 ዓ.ም. የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ገና በልጅነታቸው ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኝነትን ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁና የፋሺስት ወረራ በተቃረበ ጊዜ በዠኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ሀገራቸው የተከራከሩ ታላቅ ሰው ሲሆኑ፣ በተውኔት ታሪክ ዘንድ ግን ስማቸው የሚነሣው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» በተባለችው አንዲት ድርሰታቸው ነው። ብዙዎቹ የተውኔት ታሪክ ጸሐፊዎች በ1913 ዓ.ም. ገደማ በቴራስ ሆቴል፣ በመኳንንትና በወይዛዝርት ፊት ታየች የሚሏት ይህች ተውኔት፣ መሠረቷ የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረት ነው። ላ ፎንቴን የመጀመሪያውን የተረት መድበል እ.ኤ.አ. በ1668 አሳትሞ ለሉዊ ዐሥራ አራተኛ ልጅ ሲያበረክት፣ ከጥንቱ ከኤዞፕ የወረሰውን ጥበብ ማለትም በንጉሥ ፊት በሰው ስም ሊነገር የማይደፈረውን በአውሬ ስም የመናገርን ጥበብ ይዞ ነበርና፣ ተክለ ሐዋርያትም በውጭ ሀገር ያዩትን አሠራር ወደ ሀገራቸው ሲያመጡ ይህን መሣሪያ መምረጣቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ነገር ግን በዚያች ምሽት የተቀመጡት ተመልካቾች የአንድምታና የቅኔ ሀገር ሰዎች ነበሩ። ሰሙን ትቶ ወርቁን መፈለግ ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት ሥራ ስለ ሆነ፣ በአውሬው ለምድ ውስጥ የተሸሸገውን ሹም ለመለየት የማንንም ርዳታ አላሻቸውም። ተውኔቷ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነትና ጉቦኝነት የምትዘልፍ መሆኗ ታወቀ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ጨዋታው እንዳይደገም ከለከሉ፣ የታተመውም ቅጂ እንዲሰበሰብ አዘዙ ተብሎ ይተረካል። ተውኔት እንደ ገና በአደባባይ የታየው፣ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው የትምህርት ቤት ተማሪዎችን እያስጠኑ ባቀረቧቸው ሥራዎች አማካይነት፣ በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ሰሞን ነበር።

ስለዚህ ክልከላ ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ደራሲው ስለ ተጐዳበት ጉዳት ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የሂሱ መቅረት ነው። የፋቡላ ቃለ ተውኔት እንዴት ተነገረ? አውሬዎቹን የተጫወቱት ሰዎች ድምፃቸው ለአዳራሹ ይበቃ ነበርን? ከፈረንሳይኛ የተወሰደው ተረት በአማርኛ ንግግር ውስጥ ተዋሕዶ ነበር ወይስ እንደ እንግዳ ተለይቶ ይታይ ነበር? ከታደሙት መካከል አንዱ እንኳ ይህን አንሥቶ በማግሥቱ በወዳጆቹ መካከል ሊከራከርበት፣ ሌላውም በሳምንቱ ሁለተኛ ጊዜ አይቶ አሳቡን ሊያሻሽል ይችል ነበር፤ ድርሰቱ ሲታሰር ግን ክርክሩ አብሮ ታሰረ። የታገደ ሥራ ከዚያ ወዲያ የሚመሰገነው ስለ ታገደ ነው፤ የሚወቀሰውም ያገደው ሹም ነው እንጂ የጥበቡ ጕድለት አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የመጀመሪያ ሃያሲ የቤተ መንግሥት ትእዛዝ መሆኑ፣ ከርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፍተ ተውኔት በተመልካች ከመመዘን ይልቅ በባለ ሥልጣን ዐይን መታየትን አስቀድመው እንዲያስቡ አስገድዷቸዋል።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር ሄንሪ ፊልዲንግ የተባለው ደራሲ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሮበርት ዋልፖልን አስተዳደር በመድረክ እያላገጠ ሕዝቡን ሲያሥቅ፣ ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1737 ማንኛውም ተውኔት ከመታየቱ በፊት ሎርድ ቻምበርሌን በሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም እንዲመረመር የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ ይህም የመድረክ ምርመራ እስከ 1968 ድረስ ጸንቶ ኖረ። መድረኩ የተዘጋበት ፊልዲንግ ወደ መጽሐፍ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1740 ሳሙኤል ሪቻርድሰን «ፓሜላ» የተባለውን፣ ጌታዋ ሊያስታት ሲያደባ ድንግልናዋን ጠብቃ በመጨረሻ እርሱኑ ያገባችውን የአንዲት ገረድ ታሪክ አሳትሞ ነበር። ይህን መጽሐፍ ካህናት በምስባክ ላይ እስኪያመሰግኑት ድረስ ሲወደስ፣ ፊልዲንግ በሚቀጥለው ዓመት «ሻሜላ» የተባለውን የፌዝ ቅጂ በድብቅ ስም አውጥቶ፣ በምግባር ስም የሚሸጠው መጽሐፍ በእርግጥ የሚሸጠው በፍትወት መሆኑን ለማሳየት ሞከረ። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ሻሜላን አንብቦ የሣቀ ሁሉ አስቀድሞ ፓሜላን አንብቦ የነበረ መሆኑ ነው። ፓሮዲ የሚባለው የድርሰት ዐይነት ብቻውን መቆም አይችልም፤ እናቱን አስቀድሞ ሕዝብ ያላወቀለት እንደ ሆነ ቀልዱ የሚወድቅበት መሬት ያጣል።

በእኛ ዘመን ለዚህ ጉልህ ምስክር የሚሆነው የ«ፊፍቲ ሼድስ ኦቭ ግሬይ» ነገር ነው። ኢ. ኤል. ጄምስ በሚል የብዕር ስም የምትጽፈው እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ይህ የፍትወት ልብ ወለድ፣ ከተከታዮቹ ሁለት ክፍሎች ጋር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ወጣት፣ መልከ መልካም፣ እጅግ ባለጠጋ የሆነ ሰው አንዲትን ተማሪ በፍትወቱ ሕግ ሥር ለማስገባት ውል ሲያቀርብላት የሚተርከው ይህ መጽሐፍ ገና ትኩስ ሳለ፣ ከቺካጎ የመጡ ኮሜዲያን በነሐሴ 2012 በኤድንበራ የተውኔት በዓል ላይ ዘፈን ያለበት ፓሮዲ አድርገው አቀረቡት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በኒው ዮርክ ታየ። የተውኔቱ አወቃቀር ትምህርት አለው። መድረኩ ሲከፈት የሚታዩት በመጽሐፍ ማኅበር የተሰበሰቡ ሴቶች ናቸው፤ መጽሐፉን እነርሱ ሲያነቡት በምናባቸው የሚታያቸው ሁሉ በተመልካቹ ፊት ይፈጸማል። በልብ ወለዱ ውስጥ ሴቶች የሚርዱለት ያ ጐልማሳ ግን በመድረኩ ላይ ሰውነቱ ደንዳና በሆነ፣ ሆዱ በጠባብ ልብስ ውስጥ በሚታይ ተዋናይ ተወክሎ ይወጣል።

ይህን ተውኔት የመዘኑት ሃያስያን መጠየቅ የነበረባቸው ከባድ ጥያቄ፣ አስቀድሞ በራሱ ለሣቅ የቀረበ መጽሐፍ እንዴት ሊቀለድበት ይችላል የሚለው ነው፤ ማጋነን የፓሮዲ ዋና መሣሪያ ሲሆን፣ ዋናው ድርሰት ራሱ ተጋንኖ የተጻፈ ከሆነ ለተላጋጩ የሚተርፍለት ቦታ ጠባብ ነውና። በእኔ አስተያየት የዚህ መልስ በዚያ ደንዳና ተዋናይ አመራረጥ ላይ ይገኛል። ተላጋጮቹ ፍትወቱን ከማጋነን ይልቅ ባለጠጋውን ከዙፋኑ አወረዱት፤ መጽሐፉን የሚያነቡትን ሴቶች ግን በመድረኩ መካከል አስቀምጠው የሣቁ ባለቤት አደረጓቸው። አንባቢቱ ራሷ ስታነብ ባፈረችበት ነገር ከጎረቤቷ ጋር በግልጽ ሥቃ ትወጣለች። ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው መጽሐፉ በባቡርና በአውሮፕላን ላይ በግልጽ የሚነበብ፣ ማንም ሰው አንብቤዋለሁ ለማለት የማይሸሽግበት ስለ ነበረ ነው።

አሁን ወደ ውቤ በረሃ እንመለስ። በ1928 ዓ.ም. በዐድዋ አቅራቢያ የተወለደው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር፣ በፈረንሳይ ሀገር በኤክስ ከተማ ተምሮ የተመለሰ፣ በጋዜጣና በመጽሔት አዘጋጅነት የሠራ ደራሲ ነው። የዚህን ሠፈር ሌሊት፣ በሌሊቱም ውስጥ የሚኖሩትን ሴቶችና ወደ እነርሱ የሚመጡትን ወንዶች፣ የሰውነትን ነገር በስሙ እየጠራ የጻፈበት «ሌቱም አይነጋልኝ» በንጉሡም በደርግም ዘመን ምርመራን ሊያልፍ አልቻለም፤ በአማርኛ ለሕዝብ ሊደርስ የበቃው ከደርግ ውድቀት በኋላ ሲሆን፣ «የአዲስ አበባ ሌሊቶች» በሚል አርእስት በፈረንሳይኛም እ.ኤ.አ. በ2004 አክት ሱድ በተባለው ማተሚያ ቤት ታትሟል።

በዚህ መካከል አንድ እንግዳ ነገር ተፈጸመ። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» በተባለው ልብ ወለዱ የሳለው ሲራክ፣ አምሳሉ ከስብሐት የተወሰደ መሆኑን አንባቢው ሁሉ ዐወቀ፤ በዚህም ምክንያት ስብሐት ድርሰቱ ታትሞ ሳይነበብለት እርሱ ራሱ የሌላ ሰው ድርሰት ሆኖ ተነበበ። መጽሐፉ ሳይወጣ ወሬው ስለ ወጣ፣ ስሙን የሚያነሡት ሁሉ የሚያነሡት በአካሄዱና በአኗኗሩ፣ በጫማውና በጢሙ፣ ጸያፍ ቃል ደፍሮ ጻፈ በመባሉ ነበር። በመጨረሻ መጽሐፉ ለገበያ በወጣ ጊዜም አንባቢው የተዘጋጀ ፍርድ ይዞ ነበር የመጣው፤ አንዱ ወገን የነጻነት ዐርማ አድርጎ ከፍ ከፍ ሲያደርገው፣ ሌላው ወገን የስድ ጽሑፍ ነው ብሎ ከቤቱ አራቀው። ሁለቱም ወገኖች ያለፉት ነገር ግን በገጾቹ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም የስብሐት ዐረፍተ ነገር አጭርነትና ንጽሕና፣ ያለ ቅጽል ጌጥ የሚሄድ ትረካው፣ ሰዎቹም በሚናገሩበት ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን አፍ ይዞ መናገሩ ነው። ሌሎች ደራስያን ስለ ሌሊት ሴቶች ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ወይ ያዝኑላቸዋል ወይ ይገሥጿቸዋል፤ ስብሐት ግን ቁጭ ብሎ አዳመጣቸው። ይህን ለማየት የፍትወቱን ክፍል ማድነቅም መጠየፍም አያስፈልግም፤ መጽሐፉን በእጅ ይዞ በሰው ፊት መነጋገር ብቻ ይበቃል፤ የጐደለውም ይኸው መነጋገር ነበር።

ስለ ሰውነት ፍቅር በጉባኤ መነጋገር ለባህላችን ባዕድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ይህን ልቀበል አልችልም። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት መካከል አንዱ የሆነው የሰሎሞን መኃልየ መኃልይ የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን ውበት ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጫማ እየዘረዘረ ሲያደንቅ፣ መምህራን መጽሐፉን ከደቀ መዛሙርት አልሸሸጉትም፤ ይልቁንም ዘርግተው፣ ንባቡን አስነብበው፣ አንድም እያሉ ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ተረጐሙት። በንባቡ የሚያፍር ተማሪ ወደ ምሥጢሩ አይደርስምና። ከደብሩ ቅጽር ወጣ ብሎም አዝማሪው በማሲንቆው የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ ግጥሙም ላይ ላዩን የመልካም ምኞት መስሎ ውስጡ የፍትወት ነገር ሲሆን፣ አዝማሪው ሰሙን እንደ ሰም አድርጎ መልሶ ያዜመዋል፤ ቤቱም ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብሎ ወርቁን ከፈለገ በኋላ በአንድነት ይሥቃል። ወዲያው ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ሌላው ሰው፣ በተነካው ወገን ተቈርቍሮ፣ በዚያው ዜማና በዚያው ምጣኔ የፊተኛውን ግጥም ገልብጦ ይመልስበታል። እንግዲህ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ድርሰቱም፣ ፓሮዲውም፣ ሂሱም ማሲንቆው ሳያርፍ ተፈጽመዋል ማለት ነው። ግጥሙ ደካማ የሆነበት ሰው ማንም ሳይከለክለው ራሱ አፍሮ ይቀመጣል።

ይህ ልማድ ወደ ዘመናዊው መድረክ መተላለፍ እንደሚችል ያሳየን መንግሥቱ ለማ ነው። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ በመሆኑ ቅኔውን ከቤቱ ያገኘ፣ በለንደንም ተምሮ የአውሮጳን ኮሜዲ የመረመረ ስለ ነበረ፣ «ጠልፎ በኪሴ» በተባለው ተውኔቱ ዘመናዊ ነን የሚሉ የከተማ ጐረምሶች ጥንታዊውን የጠለፋ ጋብቻ ለመፈጸም ሲነሡ እያሳየ ተመልካቹን አሣቀው። ጠለፋን የማያውቅ ተመልካች በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ከዘመዶቹ መካከል አንዲት የተጠለፈች ሴት የሌለችው ሰውም ብዙ አይገኝም ነበር። ሣቁ የወደቀው በተጠላፊዋ ላይ ሳይሆን በጠላፊዎቹ መንታ ልብነት ላይ ስለ ሆነ፣ ሴቲቱ ክብሯን እንደ ያዘች ወንዶቹ ተራቍተው ታዩ። እኔ ይህን ተውኔት ከአማርኛ ኮሜዲዎች ሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው በቀልዱ ብዛት ሳይሆን በዚህ የአነጣጠር ጥንቃቄው ነው።

በዚህ መሠረት፣ እንደ «ሌቱም አይነጋልኝ» ያለው መጽሐፍ ወደ መድረክ ቢወጣ፣ ይልቁንም በፌዝ መልክ ቢወጣ፣ ሃያሲው በምን ሚዛን ሊመዝነው ይገባል ብለን እንጠይቅ። ብዙ ሰው ወዲያው የሚያነሣው የእርቃን ነገር ነው። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በመጽሐፍ ላይ አንባቢ ብቻውን ከፊደል ጋር ይቀመጣል፣ በመድረክ ላይ ግን ስምና ዘመድ ያላት ሕያዊት ሴት በጎረቤቶቿ ፊት ትቆማለች። የእኛም መድረክ ይህን ሸክም ያውቀዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴቶቹን ቦታ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉት ሴቶች በኋላ ክራራቸውን ይዘው ሲወጡ ሕዝቡ ጥበባቸውን እየወደደ ሙያቸውን ይንቅባቸው ነበር። አስናቀችና ስብሐት ሁለቱም ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለቱም በቆሙበት ዘመን የተነፈጋቸውን አክብሮት በመጨረሻው ሰዓት ከብዙ ሕዝብ ተቀብለዋል፤ ያ የውቤ በረሃ ጸሐፊ የተቀበረው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ነገር ግን ከእርቃኑ ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሣቁ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ተክለ ሐዋርያት የሣቁባቸው የሚፈሩ ሹማምንት ነበሩ፤ የኤድንበራዎቹ ተላጋጮች የሣቁበት ባለጠጋ ነበር፤ መንግሥቱ ለማ የሣቀባቸው ጠላፊዎች ነበሩ። የውቤ በረሃ ሴቶች ግን ከገጠር በረሃብና በመከራ ተገፍተው፣ አንዳንዶቹም በልጅነታቸው ከተዳሩበት ቤት ሸሽተው የመጡ ድኾች ናቸው፤ አንድ ተላጋጭ የሌሊቱን ሠፈር በመድረክ ለማሣቂያ ቢያወጣውና ሣቁን በእነዚህ ሴቶች አነጋገርና አለባበስ ላይ ቢያሳርፈው፣ የስብሐትን መጽሐፍ እየቀዳሁ ነው ቢልም እንኳ የመጽሐፉን መንፈስ ገልብጦታል። በዚህ ጊዜ ሃያሲው ጸያፉ ቃል ስንት ጊዜ ተነገረ ብሎ መቍጠሩን ትቶ፣ በአዳራሹ መካከል ተቀምጦ ሊያዳምጥ ይገባዋል፤ ወንዶቹ ደንበኞች ገብተው ሲወጡ ተመልካቹ ይሥቃልን ወይስ ሴቶቹ አፋቸውን ሲከፍቱ? ሴቶቹስ በመድረኩ ላይ ለደንበኛው መልስ የሚሰጡበት፣ እንደ አዝማሪ ቤቱ እንግዳ የተወረወረባቸውን ግጥም ገልብጠው የሚመልሱበት ቃለ ተውኔት ተጽፎላቸዋልን ወይስ ተቀምጠው የሚታዩ ብቻ ናቸው? የመጽሐፉ ሴቶች ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ደንበኛውንም ይመዝናሉ፤ በመድረኩ ላይ ይህ ተወስዶባቸው ከሆነ፣ ሃያሲው ተውኔቱ ወድቋል ብሎ ለመጻፍ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻውም፤ ይህንንም ፍርዱን ጸሐፌ ተውኔቱና ተዋንያኑ ሊመልሱለት በሚችሉበት ቦታ፣ በስሙ ፈርሞ ማውጣት ይገባዋል።